አራት ሰከንድ የሚኖር ኮምፒውተር

ባለቤቴ ኮምፒውተሯን ራሷ ገጣጥማ የጨረሰችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው ስለጻፍኩት ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው በር ሳንኳኳ፣ ከውሻ ስሸሽና ቁጥር ስጽፍ ስለኖርኩ በእረፍት ቀኔም እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ባለቤቴ "አንተ እኮ ሠርጋችን ላይም ስትጽፍ ነበር" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሃያ ሦስት ሰው አርፍዶ ነበር።

ኮምፒውተሩ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ቆሟል። አጠገቡ ካቻቢቴ፣ የተረፉ ሦስት ብሎኖችና ባዶ ካርቶኖች አሉ። ከጠረጴዛው ማዶ ጋሼ ተቀምጠዋል። ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ሥራቸው ሶፋ መሥራት ነው። የኛን ሶፋ እሳቸው ስላልሠሩት አይቀመጡበትም። በመጡ ቁጥር ከእንጨት ወንበር ላይ ሆነው በሐዘን ያዩታል።

ባለቤቴ የቤት ፕላን ትሥላለች። ስምንት ዓመት አንድ ቢሮ ውስጥ ሠርታ ከሁለት ወር በፊት ለቃ ወጣች። እዚያ ቤት የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር፤ እሷ ትሥላለች፣ አለቃዋ ይፈርማል፣ ሰው "እጅዎ ይባረክ" ሲል ደግሞ አለቃዋ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ከወጣች በኋላ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ሊሆን የሚችለው ሰው አንድ የጥርስ ሐኪም ነው። አዲስ ክሊኒክ ሊያሠራ ነው። ሥራውን የጠየቀችው ጥርሷን ነቅሎላት ገና አፏ እንደደነዘዘ ነበርና መናገር አቅቷት በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ሐኪሙ አንብቦ "ፕላን ማንበብ አልችልም። መስመር አይገባኝም። ገብቼበት ካየሁት ግን እወስናለሁ" አላት።

ስለዚህ በር ከፍቶ እንዲገባበት አድርጋ ሣለችለት። ክፍል ክፍሉን ለብቻ ስትሥል አሮጌው ላፕቶፗ ችሎላት ነበር። ሁሉንም በአንድ ላይ ክፈት ሲባል ግን እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮህና ድርግም ይላል። አዲሱ ኮምፒውተር በየዕቃው ተገዝቶ የተገጣጠመው ለዚህ ነው። ሐኪሙ አምስት ሰዓት ላይ ቤታችን ይመጣል። ከሰዓት በስምንት ሰዓት ደግሞ ከድሮ አለቃዋ ጋር ቀጠሮ አለው። ነገ ማለዳ ለአንድ ወር አገር ለቆ ይሄዳል። እንግዲህ ሥራው ዛሬ ወይ የሷ ነው፣ ወይ የአለቃዋ።

"በይ አስነሺው" አሉ ጋሼ፣ ሳጥኑን መታ መታ እያደረጉ።

ሳጥኑ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚታሰርበት ኬዝ፣ የጋሼ አስተዋጽኦ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ስንገዛው ተራ ቆርቆሮ ነበር። ጋሼ አይተውት "ይኼ ሲንቀጠቀጥ የሚጮህ ነገር ነው፤ ስጡኝ" ብለው ወሰዱትና በሁለተኛው ቀን መለሱት። ውስጡ ግራጫ ወፍራም ጨርቅ ለብሷል፣ ፊቱ ቡናማ ሌዘር፣ ጠርዙ በክር ተሰፍቷል። ባለቤቴ እግዜር ይስጣትና አስቀድማ ስላስጠነቀቀቻቸው የአየር ቀዳዳዎቹን አልደፈኗቸውም። ሲያመጡት ከሁሉ ያስቀደሙት ማብሪያ ቁልፉን ማሳየት ነበር።

"ይቺ ቁልፍ ድሮ ቀጭ ቀጭ ትል ነበር። አሁን ስሙ" ብለው ተጫኑ። አዳመጥን። ምንም የለም።

"አያችሁ? ምንም!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

እኛም አደነቅን። እኔ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ተጭኜ "ቅቤ ነው" አልኩ። ይህን ያነሳሁት በኋላ ማንም ሰው ንጹሕ ነኝ እንዳይል ነው።

ባለቤቴ ሶኬቱን ሰካች። ከኋላ በኩል ያለውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ከፈተች። እጇን ወደ ፊቱ ቁልፍ ገና ስትሰድ የማቀዝቀዣ ፋኖቹ ዞሩ፣ ትንሽ ሰማያዊ መብራት በራ።

"ሳልነካው!" አለች።

"እሺ ባይ ነው" አሉ ጋሼ። "አንዳንድ ዕቃ እንዲህ ነው። ዓይንሽን አይቶ ይነሳል።"

ዓይኗን ያየው ለአጭር ጊዜ ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል ሳትወጣ ፋኖቹ ቆሙ፣ መብራቱ ጠፋ። እኔ ከልማዴ እየቆጠርኩ ነበርና ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ 3፡12፣ አራት ሰከንድ።

የፊቱን ቁልፍ ብትጫነው አልነሳ አለ። የኋላውን ማብሪያ ዘግታ ስትከፍት ተነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጠፋ።

"ደንግጦ ነው" አሉ ጋሼ። "ለዕቃ አዲስ ቤት ይከብደዋል።"

ባለቤቴ ስልኳን አነሳች። የደወለችው የድሮ ቢሮዋ ውስጥ ኮምፒውተር ለምትጠግነው ጓደኛዋ ነው። የትኛውን ዕቃ ከየትኛው ጋር እንድትገዛ የመከረቻት እሷ ናት። ዲስኩ ላይም የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ የፕላን መሣያውን ጭምር፣ ትናንት ጭናላታለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ክፍት ስለነበር ኦቾሎኒ ስትቆረጥም ሁላችንም ሰማን።

"ይነሳል?"

"ይነሳል፣ ይሞታል።"

"ጡሩንባ ነገር ያሰማል? ጢጥ ጢጥ ይላል?"

"ምንም አይልም።"

"ምንም አይልም!" አሉ ጋሼ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። "ጨርቅ ስላለበስኩት ነው።"

"ማን ናቸው?"

"አጎቴ ናቸው። በይ ቀጥዪ።"

ጓደኛዋ ቀጠለች። ራም የሚባሉትን ሁለቱን ረጃጅም ጥርሶች አውጥተሽ መልሰሽ አጥብቂ፤ ሲገቡ ቀጭ ማለት አለባቸው አለች። ባለቤቴ አወጣች፣ አስገባች፣ ቀጭ አሉ። ጋሼ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ፤ ቀጭ የሚል ነገር አይወዱም። አራት ሰከንድ። አንዱን ብቻ አስገቢ። አራት። ሌላውን። አራት። ዕቃው ሁሉ ከሚሰካበት ከማዘርቦርዱ ጥግ የምትገባዋ ለዋናው አንጎል ኤሌክትሪክ የምታደርሰው ገመድ ተሰክታለች? ተሰክታለች፤ ነቅላ መልሳ ሰካቻት። አራት።

በየመሐሉ ጋሼ ምርመራቸውን ያቀርባሉ። መጀመሪያ አየር አጠረው አሉ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ዘምሟል ብለው አንዱን እግር በካርቶን አስደገፉት። ከዚያ "ችግሩ የኛ ሶኬት ነው" ብለው ኮምፒውተሩን እኔና እሳቸው ተሸክመን ወጥ ቤት አስገባነው። ወጥ ቤትም አራት ሰከንድ ኖረ። ተሸክመን መለስነው። በመንገድ ላይ ጋሼ "ይከብዳል አይደል? ጥሩ ዕቃ ይከብዳል" አሉኝ።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ማዘርቦርዱ ሞቶ ይሆን?" ብላ ጠየቀች ስልኩን።

ጓደኛዋ ትንሽ ቆረጠመች። "አንድ ነገር ይቀራል። ቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። እሷን አውጥተሽ አምስት ደቂቃ ቆዪና መልሺያት። የሚያስታውሰውን ሁሉ ይረሳል።"

"ከረሳ በኋላስ?"

"ከረሳ በኋላ ካልሠራ ቦርዱን መልሰሽ ሌላ ትቀይሪያለሽ። ዛሬ ግን አይደርስልሽም።"

ባትሪዋ ወጣች። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ባለቤቴ ያተመችውን ፕላን ዘርግታ ታየው ጀመር፤ ሐኪሙን መስመር አስተምራለሁ ብላ ይመስለኛል። ጋሼ የኛን ሶፋ ያያሉ። ባትሪዋ ተመለሰች። ማብሪያው ተከፈተ። እኔ ቆጠርኩ።

"ስንት?" አለች ባለቤቴ ዞር ሳትል።

"አራት።"

"እኔን ለማናደድ ነው የምትጽፈው?"

"አይደለም። አንድ ነገር ልንገርሽ?"

"ስለ ቆጣሪ ከሆነ አትንገረኝ።"

"ስለ ቆጣሪ ነው።"

ካቻቢቴውን አስቀመጠች። ይህን ፈቃድ ነው ብዬ ቀጠልኩ።

"አንድ ቤት አለ እንበል። በአንዱ ወር ድግስ ደግሰዋል፣ ቆጣሪው አሥራ ሁለት ይላል። በሌላው ወር ቤቱን ዘግተው ሄደዋል፣ ቆጣሪው አሥራ ሁለት ይላል። ልጅ ተወለደ፣ ጨርቅ በየቀኑ ይታጠባል፣ አሁንም አሥራ ሁለት። የተበላሸ ቆጣሪ እንደዚህ አያደርግም። የተበላሸ ነገር ይዘባርቃል፤ አንዴ ዘጠኝ፣ አንዴ አርባ ይላል። ሁሌም አንድ ዓይነት ቁጥር ካለ፣ ሰው አንድ ነገር አስገብቶበታል ማለት ነው።"

"እና?"

ደብተሬን ሰጠኋት። "ራሙን ብታወጪ አራት። ብታስገቢ አራት። ባትሪውን ብትነቅዪ አራት። ወጥ ቤት አራት። ይኼ ኮምፒውተር አልታመመም። የሆነ ነገር እየያዘ ያጠፋዋል።"

ከስልኩ ውስጥ ኦቾሎኒው ቆመ።

"ባልሽ ምን አለ? ስንት ሰከንድ?"

"አራት" አልኩ።

"ሁሌም አራት?"

"አሥራ አንድ ጊዜ አራት። አንዴ ሦስት ብዬ ነበር፤ ያኔ ጋሼ አስነጥሰው አምልጦኝ ነው።"

"ስሚ እስቲ" አለች ጓደኛዋ፣ አፏ ባዶ ሲሆን ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል። "ቢሮ ሳለሽ ኮምፒውተሩ ድርቅ ሲልብሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

"ማብሪያ ቁልፉን ተጭኜ እይዘዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ይጠፋል።"

"በስንት ሰከንድ?"

ባለቤቴ ደብተሬ ላይ ያለውን አራት አየች። ቀስ ብላ ከወለሉ ተነሳችና የፊቱን ቁልፍ አየችው። እኔም አየሁት። ጋሼ ጣሪያውን አዩ።

"ጋሼ" አለች።

"አቤት የኔ ልጅ።"

"ከዚች ቁልፍ ኋላ ምን አለ?"

"ምን ይኖራል? ቁልፍ ነዋ።"

"ጋሼ በሞቴ!"

"አንቺ ልጅ በማለዳ በሞት አትማዪ። ትንሽዬ ስፖንጅ ነች።"

"ምን ያህል ትንሽዬ?"

ጋሼ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ለኩ። መጀመሪያ ጠበብ አደረጉት፤ የባለቤቴን ፊት ሲያዩ ሰፋ አደረጉት።

"ቀጭ ትል ነበር እኮ!" አሉ። "ሰው ሶፋዬ ላይ ሲቀመጥ ቀጭ የሚል ነገር ከሰማ ተመልሶ አይመጣም። ክፍተት ነበራት፣ ሞላሁላት። ማንም ባለሙያ የሚያደርገው ነው።"

"ክፍተቷ ለዚያ ነበር ጋሼ! ሰው እጁን ሲያነሳ እንድትለቅ!"

"እሱን ማን ነገረኝ?"

እዚህ ላይ ስልኩ ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማን። ሳል እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ። ቁልፏ ከጀርባዋ ተደግፋ ሌት ተቀን ተጭና ነው የኖረችው። ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ጣቱን ሳያነሳ የያዘው መስሎታል፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ "ተነሳ" እንደተባለ ይነሳል፣ አራት ሰከንድ ሲያልፍ "ጥፋ" እንደተባለ ይጠፋል። ታዛዥ መሆኑን ጋሼ ከመጀመሪያውም አልሳቱም።

አራት ሰዓት ከሰላሳ አምስት። የባለቤቴ ሌላኛው ስልክ ጠራ። ሐኪሙ ነው።

"ሥራ ቀድሜ ጨረስኩ። ቅርባችሁ ነኝ፣ አሁን ብመጣ ይመቻችኋል?"

"ይምጡ ዶክተር፣ ዝግጁ ነን" አለች። ድምፅዋን የሰማ ሰው ወንበር ላይ እግሯን አጣጥፋ ጋዜጣ የምታነብ ይመስለዋል። ፊቷን ግን እኔ አየሁት።

"ስፖንጇን አውጧት!" ብላ ስልኩን ሳትዘጋ በፊት መጮህ ጀምራ ነበር፤ መዝጋቷን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጋሼ የሌዘር መቁረጫ ከተራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሌዘሩን አዩት። ክሩን አዩት።

"በማስቲሽ ነው የለጠፍኳት" አሉ። "ስፌቱን መተርተር፣ ሌዘሩን መላጥ፣ ማስቲሹን መፋቅ። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ምናልባትም ሁለት።"

"አትቁረጡ! ቁልፏን ተዉአት!" አለች ጓደኛዋ ከስልኩ። "ከቁልፏ ወደ ቦርዱ የሚሄድ ቀጭን ገመድ አለ። ጫፉ እንደ መርፌ የቆሙ ሁለት ፒኖች ላይ ነው የተሰካው። ንቀይው። ከዚያ ሁለቱን ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ አንዴ ነካ አድርገሽ ቶሎ አንሺ። ቁልፍ ማለት ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም።"

"ሌላ ሥራ የለውም?" አሉ ጋሼ፣ ለሁለት ቀን ድካማቸው እንዳዘኑ።

ባለቤቴ ሳጥኑን በጎኑ አጋደመችው። ገመዷን ነቀለች። የኋላውን ማብሪያ ከፈተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሳይታዘዝ ዝም አለ። ካቻቢቴውን አቀረበች፣ ነካች፣ አነሳች። ፋኖቹ ዞሩ።

ቆጠርኩ። አራት። አምስት። ስድስት ላይ ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። ዘጠኝ ላይ ስክሪኑ በራ። አሥራ አንድ ላይ መቁጠር አቆምኩ፤ በሥራ ዘመኔ ሳልጨርስ የተውኩት ንባብ ይህ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ግን ቅሬታ ነበረው። ባትሪዋን ስላወጣን ቀኑንና ሰዓቱን ረስቷል፤ የዛሬ ስንት ዓመት የነበረ ቀን ጽፎ "ልቀጥል ወይ?" ይላል። ባለቤቴ ቀጥል አለችው። የፕላን መሣያውን ስትከፍት መሣያው አሻፈረኝ አለ። እንደ እሱ አቆጣጠር ፈቃዱ ገና አልተሰጠም፣ እሱ ራሱም ገና አልተሠራም።

"ዛሬ ስንት ነው?" ብላ ጮኸች።

ነገርኳት፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱንም እስከ ደቂቃው። አስገባች። የበር ደወል ሲጮህ የክሊኒኩ ግድግዳዎች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ እየቆሙ ነበር።

ሐኪሙ ረጅም ሰው ነው። ገብቶ ሰላም ብሎን በጎኑ የተጋደመውን፣ ሆዱ የተከፈተውን፣ ገመዱ የተንጠለጠለውን ኮምፒውተር አየ።

"እንዲህ አፉን ከፍቶ ነው የሚሠራው?"

"እንዲተነፍስ ብለን ነው" አሉ ጋሼ ቀደም ብለው።

"ይገባኛል። የኔም ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው" ብሎ ተቀመጠ። የተቀመጠው ሶፋችን ላይ ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ባለቤቴ በሩን ከፈተችለት። በስክሪኑ ላይ ወደ መቀበያው ገባን፣ የመጠባበቂያ ወንበሮቹን አለፍን፣ ወደ መተላለፊያው ታጠፍን። ሐኪሙ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ጠባቡ በር ላይ ስንደርስ ትከሻውን አጥብቦ በጎኑ ለመግባት ሲሞክር አየሁት። ባለቤቴም አይታዋለች፤ ሳትናገር በሩን ትንሽ ሰፋ አደረገችው። እሱም ትከሻውን መለሰ።

ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ቆመ።

"ወንበሩ ለምን ወደ መስኮቱ ዞረ?"

"የተኛው ሰው መርፌው ሲዘጋጅ እንዳያይ ነው ዶክተር። ዛፉን እንዲያይ።"

"አሁን ያለው ክሊኒኬ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ መርፌውን ነው የሚያየው። ስንቱ ከወንበሩ ላይ ተነስቶ አምልጦኛል።"

"እዚያም ወደ መስኮቱ አዙሬው ነበር" አለች ባለቤቴ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "አለቃዬ ቧንቧው ይረዝማል ብሎ መለሰው።"

ሐኪሙ ዞር ብሎ አያት። "ያንን የሣሉት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

"ወረቀቱ ላይ የሰውየው ስም ነው እኮ ያለው።"

"አዎ" አለች አሁንም። ምሬት አልጨመረችበትም፤ ቁጥር የምታነብ ነው የሚመስለው፤ እኔ ብሆን ከዚህ የተሻለ አላነብም።

ሐኪሙ ስልኩን አወጣና ደወለ። "የስምንት ሰዓቱን ቀጠሮ ተዉት" አለ። ከወዲያ በኩል ሰው ሲጠይቅ ተሰማ። "አይ፣ ወደ ሌላ ቀን አይደለም። ተዉት" ብሎ ዘጋ።

ፋኑ ብቻ ይሰማ ነበር፤ እሱም በጋሼ ጨርቅ ምክንያት እምብዛም አይሰማም።

"እንግዲህ የምፈርመውን አሳዩኝ" አለ ሐኪሙ።

ባለቤቴ ጠፍጣፋውን ፕላን ከፈተችለት፣ መስመር ብቻ የሆነውን። መስመር የማይገባው ሐኪም ዓይኑን እያጨናበሰ ከላይ እስከ ታች ሄደና ከቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ይቺ ክፍል ለምን ባዶ ሆነች?"

"ክፍል አይደለችም ዶክተር። የሠሪው ስም የሚጻፍባት ናት።"

"ታዲያ?"

ባለቤቴ ኪቦርዱን ሳበች። ስምንት ዓመት ያቺን የስም ሣጥን ለሌላ ሰው እየተወች እጇ ለምዶ፣ ለራሷም ባዶ ትታት ነበር። ስሟን ጻፈች። ከዚያ የአባቷን ስም ጨመረች። አንዴ አየችውና የፊደሉን መጠን ከፍ አደረገችው። አሁንም አየችው። ደግማ ከፍ አደረገችው። ስሟ ከሣጥኑ ወጥቶ በመሣሪያ ማምከኛው ክፍል አልፎ ወደ መጠባበቂያው መግባት ሲጀምር ጋሼ ትከሻዋን ነካ አደረጉ።

"ይበቃል የኔ ልጅ። ሰዉ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ።"